አሞራው ብቻውን እንዳይጫወት፦ የምናብ ዝርያዎችን ማመጣጠኛ መመሪያ

ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት የገጸ ባሕርይ ጨዋታ አንድ የታወቀ ጣጣ አለው። አንዱ ተጫዋች ክንፍ ያለው ፍጡር ይመርጣል። ሌሎቹ እግረኛ ናቸው። ቡድኑ ገደል አፋፍ ላይ ይደርሳል። ባለ ክንፉ ብድግ ብሎ ይበራል፣ ማዶ ይሻገራል፣ ገመድ ይጥላል፣ አለቀ። የቀሩት ቡናቸውን ፉት ይላሉ። ሁለተኛው ገደል ላይም እንደዚያው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንዱ «ዛሬ አይመቸኝም» ብሎ ይቀራል። ከዚያ ሌላውም ይከተላል።

ይህ መመሪያ ለጨዋታ መሪዎች ነው። በተለይ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ ወይም ሐይቅ ላይ ሆነው የራሳቸውን ዓለም ለሚፈጥሩ። ለማያውቀው ባጭሩ ልንገረው። አንድ ሰው ጨዋታውን ይመራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። መሪው ሁኔታውን ይተርካል፣ ተጫዋቾቹ የሚያደርጉትን ይናገራሉ። ነገሩ ሊሳካም ላይሳካም የሚችል ከሆነ ዳይስ ይጣላል። የዚህ ጨዋታ አባት የሚባለው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) አሜሪካ ውስጥ አሳተሙት። ሰው፣ ኤልፍ (ጆሮው የሾለ የተረት ፍጡር)፣ ድዋርፍ (አጭርና ጠንካራ የተረት ፍጡር) እያሉ ዝርያ መምረጥም ከዚያ የመጣ ልማድ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አቋሜን ላስቀምጥ። የአንድ ችሎታ ዋጋ ደንቡ ላይ አልተጻፈም። ዋጋውን የሚወስነው የምታጫውቱበት አገር ነው። አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ ሲነሳ ርካሽ ነበር፣ ደጋ በወጣ ቁጥር ይወደድ ነበር፤ ክንፍም እንደዚያ ነው። ሜዳ አገር ላይ ቅንጦት ነው። አምባና ገደል በበዛበት በወሎ ግን ጨዋታውን በሙሉ ይገዛል። ስለዚህ የውጭ ደንብ እንዳለ መገልበጥ አያዋጣም።

ደረጃ 1፦ ፍጡሩን ተዉትና አገሩን ጻፉ

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከፍጡሩ ነው። «እሳት የሚተፋ ይኑረኝ» ይላል። ገልብጡት። ደብተር አውጡና ቡድናችሁ በሚቀጥሉት የጨዋታ ምሽቶች ሊያጋጥመው የሚችለውን አሥር ትዕይንት ዘርዝሩ። ልብ ወለድ መጻፍ አይደለም። አንድ አንድ መስመር ይበቃል።

ምሳሌ ልስጥ። ጀብደኞቹ ከቦሩ ሜዳ ተነስተው ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ለአንድ ነጋዴ መልእክት ያደርሳሉ እንበል። የእኔ ዝርዝር ይህን ይመስላል።

1. የጦሳ ተራራ ጭጋግ፣ መንገድ የማይታይበት
2. ቁልቁል የሚወረድ ገደል
3. መተላለፊያው ላይ የሚጠብቅ ሽፍታ
4. የሞላው የቦርከና ወንዝ
5. ጅብ የከበበው የሌሊት ሰፈር
6. የተጣሉ ሁለት ቤተሰቦች ሽምግልና
7. የቆላው ሙቀትና ውሃ ጥም
8. ባቲ ገበያ ላይ የዋጋ ክርክር
9. አምባ አናት ላይ የተደበቀ ሰነድ
10. በዝናብ ማምለጥ

እዩት። ውጊያ የሚሆኑት ሁለቱ ናቸው፣ እነሱም ካልተቻለ ነው። ደንቦቹን ከኢንተርኔት ያወረደ ሰው ግን ደንቡ ግማሹን ቀለሙን ያፈሰሰው ውጊያ ላይ ሆኖ ያገኘዋል። ለዚህ ጉዞ «ጦር ሲወረውር ሁለት ነጥብ ይጨምራል» ከሚለው ዝርያ ይልቅ ጭጋግ ውስጥ መንገድ የማይስተው ይበልጣል። ዝርዝሩ ከሌለ ይህን ማየት አይቻልም።

ደረጃ 2፦ ፍጡራችሁን ከየት እንደማታመጡ ወስኑ

ይህን ደረጃ መዝለል አይቻልም። ዝርያ ስትፈጥሩ በእውን ያለ ሕዝብ አምሳያ አታድርጉት። ወሎ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባው አብሮ የሚኖርበት ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ቤት ውስጥ ዘመድ ነው። የአንዱን አለባበስና አነጋገር ወስዳችሁ ከጎኑ «ብልሃት፦ ሁለት ይቀነስ» ብላችሁ ስትጽፉ ጨዋታው እዚያው ይበላሻል። መበላሸትም አለበት።

ቡዳንም ተዉት። ወደ ጅብ የሚለወጥ ሰው ለጨዋታ ያምራል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ያ ወሬ በቀጥቃጩና በሸክላ ሠሪዋ ላይ ስንት ዘመን የወረደ ስድብ ነው። ጅን እና ዛር ደግሞ ለአንዳንዱ ተረት አይደሉም። ከጨዋታው በፊት ተጫዋቾቹን ጠይቁ። አንድ ሰው ፊቱን ካጨማደደ፣ አለቀ፣ ሌላ ፈልጉ።

ምንጭ አይጠፋም። እንስሳው፣ ዓለቱ፣ ውሃው አለ። ለዚህ መመሪያ አራት ፈጥሬያለሁ። ከጭላዳ ዝንጀሮ የተወሰደው ጭላዴ። ከሐይቅ የወጣው ሐይቄ። ከላስታ ዓለት የተጠረበው ቋጥኜ። ከገደል አሞራ የመጣው አሞሬ። አምስተኛው ሰው ነው።

ደረጃ 3፦ ሰውን መለኪያ አድርጉ፣ ግን ባዶ አትተዉት

ሰው መለኪያ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ «ሰው ምንም የለውም» ማለት ይሆናል። ምንም የሌለውን ደግሞ ማንም አይመርጥም።

የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ታሪክ በዚህ ነገር ሲታገል የኖረ ታሪክ ነው። በ1974ቱ ደንብ ኤልፍና ድዋርፍ ከጅምሩ ብልጫ ተሰጣቸው። ማካካሻው የእድገት ገደብ ነበር። ገጸ ባሕርይ ልምድ ሲያካብት ደረጃ እያለፈ ያድጋል። ድዋርፍ ተዋጊ ከ6ኛ ደረጃ አያልፍም፣ ሰው ግን ገደብ የለውም። ሐሳቡ ወረቀት ላይ ያምራል። ጠረጴዛው ላይ ግን ሁለት መንገድ ብቻ አለው። ጨዋታው አጭር ከሆነ ገደቡ ሳይደረስ ያልቃል፣ ብልጫው ነጻ ስጦታ ሆነ ማለት ነው። ረጅም ከሆነ ደግሞ ያ ተጫዋች ግድግዳ ላይ ይቆማል፣ ጓደኞቹ ያልፉታል። ዛሬ ተደሰት፣ ከዓመት በኋላ ትከፍላለህ የሚል ሚዛን ሚዛን አይደለም።

በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ገደቡን አነሳ። ለኃይለኛ ፍጡራን ግን ሌላ ዘዴ አመጣ። ፍጡሩ ገና ሲጀምር ከእውነተኛ ደረጃው ከፍ ብሎ ይቆጠራል። ውጤቱ ደካማ ሕይወት ያለው ኃያል ሆነ። ከእኩዮቹ ጋር ይዋጋል፣ አንድ ዱላ ሲያርፍበት ይወድቃል። በ2014ቱ እትም ሰው በስድስቱም የችሎታ መለኪያ (እንደ ጉልበት፣ ብልሃት፣ ግርማ ያሉት) አንድ አንድ ነጥብ ተሰጠው። አሰልቺ ነው። አማራጩ ሰው ግን አንድ ልዩ ችሎታ ከመጀመሪያው ያገኝ ነበር፣ ብዙ ተጫዋችም ወደዚያ ጎረፈ። በ2020 ነጥቦቹን ከዝርያው ነቅሎ ሌላ ቦታ ማዋል ተፈቀደ። በ2024 ጭራሽ ከዝርያው ወጥተው ገጸ ባሕርይው ካደገበት ኑሮ ጋር ተያያዙ።

የሃምሳ ዓመቱ ጉዞ ወዴት እንደሄደ ታያላችሁ። ቁጥር ከዝርያው እየራቀ ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ዝርያ ድርጊት ይስጥ፣ ቁጥር አይስጥ። «ጉልበት ሲደመር 2» አትበሉ። «የሞላ ወንዝ አይወስደውም» በሉ።

ለሰው ምን እንስጠው? በእኔ ዓለም ሰው ዘመድ አለው። የትም ገበያ፣ የትም ሽምግልና፣ ሽፍታው መሃል ሳይቀር «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ሲጠይቅ አንድ ክር ይመዘዛል። አሞሬው ይህ የለውም። ወሎ ላይ ዘመድ ማጣት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ደረጃ 4፦ ዳይሳችሁን አስሉ

ሒሳብ የሚጠላ ሰው እዚህ ይታገሠኝ። አጭር ነው፣ ግን ብዙ ጠረጴዛ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው።

የውጭው ደንብ ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ይጠቀማል። በእሱ ላይ አንድ ነጥብ መጨመር ማለት የመሳካት ዕድልን በመቶ 5 ማሳደግ ነው። ሁልጊዜ 5። ቀላል ነው። እኛ ጋ ግን ባለ ሃያ ፊት ዳይስ በየሱቁ አይገኝም። ስልክ ላይ የሚጥል አለ። የሉዶውን ሁለት ዳይስ የሚጠቀምም አለ። በሁለት የሉዶ ዳይስ ሒሳቡ ሌላ ነው።

ድምሩ 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይሳካል እንበል። ምንም ሳይጨመር ዕድሉ በመቶ 42 አካባቢ ነው። አንድ ስትጨምሩ 58 ይሆናል። ሁለት ስትጨምሩ 72። ሦስት ሲሆን 83። አራት ሲሆን 92። እንግዲህ ከውጭ ደንብ ላይ «ሲደመር 2» የሚለውን ገልብጣችሁ በሉዶ ዳይስ ብትጫወቱ፣ በዚያ በመቶ 10 የነበረው ጥቅም እዚህ 30 ሆነ። ሦስት እጥፍ! «ይህ ኤልፍ ለምን አይሸነፍም?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ሌላም አለ። «ካልተሳካልህ ድጋሚ ጣል» የሚል ስጦታ ትንሽ ይመስላል። በሁለት የሉዶ ዳይስ 42 የነበረውን ወደ 66 ያደርሰዋል። ከአንድ ነጥብ ይበልጣል፣ ከሁለት ያንሳል። በምሽት አንዴ ከሆነ ጥሩ ስጦታ ነው። ሁልጊዜ ከሆነ ግን አትስጡት።

ደረጃ 5፦ ችሎታውን ተምኑ

አሁን ያ የአሥር ትዕይንት ዝርዝር ይመለስ። ለእያንዳንዱ ችሎታ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ።

አንደኛ፣ ከአሥሩ ስንቱን ይነካል?

ሁለተኛ፣ ሲነካ ምን ያደርጋል? ዳይሱን ብቻ የሚያግዝ ከሆነ 1 በሉት። ባለቤቱን ያለ ዳይስ የሚያሳልፍ ከሆነ 2። ቡድኑን በሙሉ የሚያሳልፍ፣ ማለትም ትዕይንቱን የሚያጠፋ ከሆነ 3።

አባዙ፣ ደምሩ። የእያንዳንዱ ዝርያ ድምር 8 አካባቢ ይሁን። ሰባትም ዘጠኝም ቢሆን አትጨነቁ። ፓዝፋይንደር የሚባለው ጨዋታ በ2012 ለዝርያዎች ነጥብ ሲተምን፣ የራሱ ዋና ዝርያዎች እንኳ እኩል አልወጡም። ድዋርፍ 11፣ ኤልፍ 10፣ ሰው 9፣ ግማሽ ኦርክ (ከሰውና ኦርክ ከሚባል የተረት አውሬ የተወለደ) 8 ነበሩ። ሰዎች ሁሉንም ተጫወቱባቸው።

በዚህ ስሌት የእኔዎቹን እንያቸው።

ጭላዴ ገደል ይወጣል ይወርዳል፣ ያለ ዳይስ። ትዕይንት 2፣ 9 እና 10 ላይ ይሠራል፣ ራሱን ብቻ ያሳልፋል። ሦስት በሁለት ስድስት። ጭላዳ ሣር ይበላል፣ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራል። ስለዚህ ጅብ የከበበው ሌሊት እሱን አይመለከተውም። ሁለት ጨምሩ። ስምንት።

ሐይቄ ቦርከናን ዋኝቶ ያልፋል፣ ሁለት። በቆላው ውሃ ያለበትን ያሸታል፣ ቡድኑን በሙሉ ያድናል፣ ሦስት። ጭጋግ ውስጥ መንገድ አይጠፋበትም፣ ሌሎቹንም ይመራል፣ ሦስት። ስምንት። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ የሰጠሁት «ውሃ ውስጥ መተንፈስ» ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለት ነበር የሚያወጣው። ጉዞው በሐይቅና በአርዲቦ ሐይቆች ዙሪያ ቢሆን ደግሞ ያው ችሎታ ሰባት ስምንት ይደርሳል። ፍጡሩ ያው ነው፣ ዋጋው ግን አገር በተቀየረ ቁጥር ይቀየራል።

ቋጥኜ ከባድ ነው። የሞላ ወንዝ አይወስደውም፣ መሃል ቆሞ ገመድ ይዞ ሌላውን ያሻግራል፣ ሦስት። አይጠማም፣ ሁለት። ሽፍታና ጅብ ሲመጡ ቆዳው ያግዘዋል፣ አንድ አንድ። ድምሩ ሰባት ነው። ስለማይተኛ ሌሊት ጥበቃው ሁሌ የእሱ ነው ብለን አንድ እንጨምርለት። (የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ግን በዚህ ውስጥ አታስገቡ። ዓለቱ ይበቃል።)

ሰው ዘመዱ 3፣ 6 እና 8 ላይ ያግዘዋል፣ ሦስት። በምሽት አንዴ ድጋሚ ይጥላል፣ ለዚህ ሦስት ቆርጫለሁ። አንድ ተጨማሪ ሙያ ያውቃል፣ ሁለት።

ስሌቱ ግምት ነው። የፊዚክስ ቀመር አይደለም። ዋናው ጥቅሙ ግልጽ የሆነውን ስህተት ከጨዋታው በፊት ማሳየቱ ነው።

ደረጃ 6፦ ክንፍ

ለብቻው ደረጃ የሰጠሁት ስለሚገባው ነው።

ያልተገደበ ክንፍ ከዝርዝሬ ውስጥ ገደሉን፣ ሽፍታውን፣ ወንዙን፣ ጅቡን፣ አምባውንና ማምለጡን ይነካል። ስድስት። አብዛኛውን ለቡድኑ ያጠፋል። ስድስት በሦስት አሥራ ስምንት! ከሌሎቹ እጥፍ በላይ።

የውጭውም ደንብ እዚህ ተደናቅፏል። በአምስተኛው እትም አስማተኛ የመብረር ድግምት የሚያገኘው 5ኛ ደረጃ ሲደርስ ነው። እሱም ለ10 ደቂቃ፣ ሐሳቡን ሰብስቦ። በ2015 የወጣው የወፍ ሰው ዝርያ ግን ከ1ኛ ደረጃ ጀምሮ፣ ያለ ገደብ፣ እግረኛው 30 ጫማ በሚሄድበት ጊዜ 50 ጫማ ይበራል። ዋናው ማካካሻ ከባድና መካከለኛ ጥሩር ለብሶ መብረር አለመቻሉ ነበር። ብዙ ጨዋታ መሪ ዝርያውን መከልከሉ አያስገርምም።

መከልከል ቀላሉ መንገድ ነው። እኔ ግን አልወደውም። ተጫዋቹ አሞራ መሆን ከፈለገ ምክንያት አለው። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ አሞራ ያላየ ወሎዬ የለም። ያ ነገር የልጅነት ምኞት ነው። ስለዚህ እውነተኛው አሞራ እንዴት እንደሚበር ተመልከቱ። ትልልቅ አሞሮች ክንፋቸውን እያርገበገቡ ብዙ አይቆዩም፣ ይደክማሉ። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው የሚነሳውን ሞቃት አየር እየጠበቁ፣ በእሱ ላይ ተንሳፍፈው ነው ከፍ የሚሉት። ጠዋት ብርድ ላይ ገደሉ ላይ ተቀምጠው የምታዩአቸው ለዚህ ነው።

ከዚህ የአሞሬን ሕግ መቅዳት ነው። አሞሬ የሚበረው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት፣ ፀሐይ ካለች ብቻ። ከሜዳ አይነሳም፣ አፋፍ ያስፈልገዋል። በጭጋግና በዝናብ አይበርም። ሰው አይሸከምም፣ ቀጭን ገመድ ግን ይችላል። መሬት ላይ እግሩ ዘገምተኛ ነው።

አሁን ቁጠሩ። ጅቡ የሌሊት ነው፣ ወጣ። ማምለጡ በዝናብ ነው፣ ወጣ። የሞላው ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ነው፣ አፋፍ የለም፣ ወጣ። የቀሩት፦ ቁልቁሉን ራሱ ይወርዳል፣ ሁለት። ሽፍታውን ከላይ አይቶ ያልፋል፣ ሁለት። አምባው ላይ ገመድ ያደርሳል፣ ሦስት። ገበያው መሃል ከሩቅ ሰው ይለያል፣ አንድ። ስምንት! ማንም «ለሚዛን ሲባል» ብሎ አፍንጫው ሥር የለጠፈው ክልከላ የለም። ሁሉም የመጣው ከአሞራው ተፈጥሮ ነው። ተጫዋቹም አይከፋም፤ እንዲያውም «ፀሐይዋ ወጣች?» እያለ መጠየቅ ይጀምራል። ያን ጊዜ ገጸ ባሕርይው ገብቶታል ማለት ነው።

መንገዱ ለሌላም ይሠራል። የማይታይ ፍጡር፣ ሐሳብ የሚያነብ፣ ግድግዳ የሚያልፍ፤ ሁሉም ትዕይንት አጥፊ ናቸው። ችሎታውን አትቀንሱ። መቼና የት እንደሚሠራ ወስኑ።

ደረጃ 7፦ ድክመቱ የሚከፈል ይሁን

ዝርያው በጣም ጠንካራ ሲሆን አንድ ድክመት ጨምሮ ማመጣጠን የተለመደ ነው። አብዛኛው ድክመት ግን የውሸት ዕዳ ነው። «ፀሐይ ላይ አያይም» ያላችሁት ፍጡር ጨዋታው በሙሉ ዋሻ ውስጥ ከሆነ ምን ከፈለ? «ግርማ የለውም» ያላችሁት ተዋጊ ማውራቱን ለጓደኛው ትቶ ሰይፉን ይመዛል። አልከፈለም። ከዝርዝሩ ቢያንስ ሁለት ትዕይንት የማይነካ ድክመት በነጥብ አይቆጠር።

ሁለተኛ ጥንቃቄ፦ ድክመቱ ቡድኑን እንዳያስር። ቋጥኜ ሐይቅ ውስጥ ይሰጥማል ብላችሁ ጉዞው ጀልባ ላይ ከሆነ የቀጣችሁት እሱን አይደለም፣ አብረውት ያሉትን ነው።

ጥሩ ድክመት ታሪክ ይፈጥራል። የጭላዳን ደረት ታውቃላችሁ፣ ቀይ ነው። ጭላዴ ሲዋሽ፣ ሲፈራ ወይም ሲናደድ ደረቱ ይቀላል። ባቲ ገበያ ላይ «የመጨረሻ ዋጋዬ ነው» ሲል ነጋዴው ደረቱን አይቶ ይስቃል። ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ ፎጣ ይከናነባል፣ ነጋዴው ደግሞ «ፎጣውን አውርደው እስቲ» ይላል። ነጥብ መቀነስ ይህን አይሰጣችሁም።

ደረጃ 8፦ ከሙያ ጋር አጋጩት

ዝርያ ብቻውን አይጫወትም። ተዋጊ፣ ሌባ፣ ሐኪም፣ አዝማሪ ከሚለው ሙያ ጋር ይጣመራል። ዝርያዎቹን ወደ ጎን፣ ሙያዎቹን ወደ ታች ጽፋችሁ ሰንጠረዥ አድርጉ። እያንዳንዱ ሣጥን ላይ ቆም ብላችሁ «ይህን የሚመርጥ ምን ያገኛል?» በሉ።

የምትፈልጉት ሁለት ነገር ነው። ማንም የማይነካው ባዶ ሣጥንና ሁሉም የሚሮጥበት ሣጥን። ጭላዴ ሌባ ከሆነ ገደልም ግድግዳም መቆለፊያም ይከፈትለታል። ደረቱ ባይኖር ኖሮ እንደገና አስብበት ነበር። ቋጥኜ ሐኪም ደግሞ ጥሩ ነው፣ አይጠማም፣ አይተኛም፣ ቁስለኛ አጠገብ ያድራል። ሁሉም ሣጥን አንድ የሚያጓጓ ነገር ካለው ይበቃል፤ እኩል መሆን የለበትም።

ደረጃ 9፦ ሳትጀምሩ ፈትኑ

የዝርያዎቹን ስምና መግለጫ ለተጫዋቾቹ ስጡ። ሳይነጋገሩ አንደኛና ሁለተኛ ምርጫቸውን ብጣሽ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ሁሉም አንደኛ ላይ አሞሬ ከጻፉ ዋጋው ረክሷል። ሐይቄን ማንም በሁለተኛም ካልጻፈው ተወዷል፣ ወይም መግለጫው ደርቋል። የመጨረሻው ከምታስቡት በላይ ያጋጥማል። ችሎታውን ሳትነኩ መግለጫውን ብቻ ብታሳምሩት ሰው ይመርጠዋል።

ከዚያ ሦስት አጭር ትዕይንት አጫውቱ። አንድ የገደል፣ አንድ የንግግር፣ አንድ የችግር። ትዕይንቱ የተፈታው በማን ሐሳብ ወይም ችሎታ ነው? ከስሙ ጎን ጭረት አድርጉ። ማን የበለጠ ጉዳት አደረሰ የሚለውን አትቁጠሩ። ጨዋታን የሚገድለው ጉዳት ማነሱ አይደለም፣ ተራ ማጣት ነው። አንድ ሰው በሦስቱም ምንም ጭረት ከሌለው መጀመሪያ ዝርያውን ሳይሆን ትዕይንቶቻችሁን ጠርጥሩ። ዝምተኛ ተጫዋች ከሆነም ዝርያው አያድነውም፤ እናንተ «አንቺስ ምን ታደርጊያለሽ?» ማለት አለባችሁ።

ደረጃ 10፦ ተሳስታችሁ ከሆነ አስተካክሉ፣ ግን በጨዋታው መሃል አይደለም

ሚዛኑ መዛባቱን የምታውቁት ጨዋታው ከገፋ በኋላ ነው። ያኔ ሁለት አማራጭ አላችሁ። ቀላሉ ትዕይንቱን መቀየር ነው። አሞሬው ከበዛ ጉዞውን ክረምት አስገቡት፤ ደሴ ላይ ጭጋግ ምክንያት አያስፈልገውም። ነገር ግን በተከታታይ ሦስት ምሽት ፀሐይ ካላወጣችሁ ተጫዋቹ ይነቃል። እሱን እየቀጣችሁት ነው።

ሁለተኛው በግልጽ መነጋገር ነው። ጨዋታው ካለቀ በኋላ፣ ሌሎቹ ሲበታተኑ፣ ለብቻው። እንዲህ፦

«አብሽር፣ ክንፍህን አልነካም። ግን ያቺ ሐይቄን የያዘችው ልጅ ሁለት ምሽት ሙሉ ዝም ብላ ወጣች።»

«እኔ ምን ላድርግ ታዲያ? ስበር ነው የሚያምርብኝ።»

«ብረር። ገመዱን ግን ከአሁን በኋላ ታች ያለ ሰው ይዞ ካላመቻቸልህ አታደርሰውም። በምትኩ ከሩቅ የምታየውን እጨምርልሃለሁ። ምን ትላለህ?»

አንድ ስትወስዱ አንድ ስጡ። የሰጣችሁት ትንሽ ቢሆንም ይቆጠራል። በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ከሆነ ደግሞ ወሬውን እንደ ምክር ጥያቄ አቅርቡት፤ «ጋሼ፣ ይህ ነገር እንዴት ይሻላል ይላሉ?» ብላችሁ። ብዙውን ጊዜ ከእናንተ የተሻለ ገደብ ራሳቸው ያመጣሉ።

ያደረጋችሁትን ለውጥ ደብተሩ ላይ ጻፉ፣ ቀኑን አስቀምጡ፣ በሚቀጥለው ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ለሁሉም አንብቡ። ያለፈው እንዳለፈ ይቆጠራል። ጉዞው ከባቲ ወደ ሚሌ ወይም ወደ መቅደላ ከዞረ አዲስ የአሥር ትዕይንት ዝርዝር ጻፉና ከደረጃ 5 ጀምራችሁ ዋጋውን እንደገና አስሉ። አሞሬው በመቅደላ አምባ ሥር ስንት እንደሚያወጣ ሳትቆጥሩ ጨዋታውን አትክፈቱ።